የጋሽ ኢክራማ አከፋፈት

ፈረንሳይ ሰፈር ተቀምጦ ጋሽ ኢክራማን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወይ ትናንት የገባ ተከራይ ነው፣ ወይ ልጅ ወልዶ አያውቅም። ኢክራማ ሸምሱ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በታች ካሉት መንደሮች ተማሪ እየለቀመ፣ ያንን ቁልቁለት ወርዶ፣ መገናኛን አቋርጦ፣ መሪ ሰፈር ወዳለው ትምህርት ቤት ሲያደርስና ሲመልስ የኖረ ሰው ነው። ሚኒባሱ ሦስት ጊዜ ተቀይሯል፤ ሰውየው ግን ያው ነው። በዚህ ሁሉ ዓመት የአንድ ልጅ ጣት እንኳ በሩ ቆርጥሞ አያውቅም። ሌላው ሾፌር ሲጋፋ፣ ሲቀድምና ጡሩምባ ሲያስጮህ እሱ ተራውን ይጠብቃል። ተራ የማያውቅ ሰው ከከብት በምን ይለያል ባይ ነው። ሾፌሮቹ ታዲያ ስም አውጥተውለት «አቶ በተራ መጣ» ይሉታል፤ እሱም አይከፋውም።

ተራ መጠበቅን ያስተማረው ቼዝ ነው። ስምንተኛ ክፍል ሳለ አንድ የሂሳብ መምህር አሳዩት፤ ከዚያ ወዲህ እሑድን ያለ ቼዝ አሳልፎ አያውቅም። የሚጀምርበትም መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ተጫዋቾች የጣልያን አከፋፈት የሚሉት፣ እሱ ደግሞ አሳጥሮ «ጣልያኑ» የሚለው። የንጉሡ ወታደር ሁለት ቤት ይራመዳል፣ ፈረሱ ይወጣል፣ ቢሾፑ ይከተላል፤ እንዲህ እንዲህ እያለ፣ ተጋጣሚው መንገድ ካልቀየረበት በቀር፣ አሥራ ሁለት እርምጃ ይሄዳል። ከእንቅልፉ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁት ሳያዛንፍ ይደግምላችኋል።

ነገር የተበላሸው ባለፈው ጥቅምት ነው። ወይም እሱ ያወቀው ያኔ ነው።

አንድ ጠዋት አሥራ አራት ልጅ ጭኖ መገናኛ ሲደርስ መንገዱ ጠፋው። ሕንፃዎቹ አሉ፣ ድልድዩ አለ፣ ሰዉ እንደ ልማዱ ይጋፋል፤ ትምህርት ቤቱ ወደ የት በኩል እንደሆነ ግን ከጭንቅላቱ ተነቅሎ ወጥቷል። ከኋላው ያሉት መኪኖች ጡሩምባቸውን ለቀቁት። መሪውን ጨብጦ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ልጆቹን የምታሳፍረውና የምታወርደው ረዳቱ ዲንቄ ከኋላ ትንሽ አየችውና፣ «ቀጥታ ነው፣ ጋሽ ኢክራማ» አለችው በዝግታ። ቀጥታ ሄደ። ከዚያ በኋላ ሁለቱም ያንን ነገር አላነሱትም።

ኅዳር ላይ የባሰው መጣ። ከኪዳነ ምሕረት በታች ያለው ዳገት ላይ መኪናውን አቆመና፣ የእናቷን እጅ አልለቅም ብላ የምታለቅስ አንዲት ልጅ ሊያባብል ወረደ። ጀርባውን እንደሰጠ ሚኒባሱ ልጆቹን እንደያዘ ወደ ኋላ ተንሸራተተ። አንድ ክንድ ያህል ሄዶ፣ የኋላ ጎማው ሥር ያለ ድንጋይ ላይ ገጭ ብሎ ቆመ። ገብቶ ቢያይ የእጅ ፍሬኑ አልተያዘም። ላብ አጠመቀው። ድንጋዩን ሲያይ ግን ልቡ መለስ አለ። ዳገት ላይ ሲቆም ጎማ ሥር ታኮ ማድረግ ከጥንት ጀምሮ ልማዱ ነውና፣ ጭንቅላቴ ቢረሳ እጄ አልረሳም፣ አልሐምዱሊላህ ብሎ ተጽናና። ዲንቄ ድንጋዩን አየችው፣ እሱን አየችው፣ ምንም አላለችም።

ሌላ ሰው ቢሆን፣ ሰው ነኝና እረሳለሁ ብሎ ስቆ ያልፈው ነበር። ኢክራማ ግን ስቆ ሊያልፈው አልቻለም። አንድ ሰው በዚህ መንገድ ሲሄድ ዓይኑ እያየ አድጓላ።

አባቱ ሸምሱ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ሱቃቸው በረንዳ ላይ፣ ከጎረቤታቸው ከመሪጌታው ጋር፣ የዱሮውን ያገራችንን ሰንጠረዥ ይጫወታሉ። በዚያ ጨዋታ መጀመሪያ ላይ ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ ጠጠራቸውን እንደ እጃቸው ፍጥነት ያንቀሳቅሳሉ፤ አንዱ የሌላውን የመጀመሪያ ጠጠር ሲበላ ብቻ ተራ ይጀመራል። እስከዚያ ያለው ወረራ ይባላል። ሁለቱ ሽማግሌዎች ገበታውን እያንቋቁ፣ እጃቸው እየተጋጨ፣ አንተ ሌባ አንተ ቀጣፊ እየተባባሉ ሲወርሩ ሰፈሩ ተሰብስቦ ይስቅ ነበር። ሕፃኑ ኢክራማ ብቻ አይስቅም። ያ ግርግር ያስፈራው ነበር፤ በዕድሜው ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ወረራ ተጫውቶ አያውቅም።

መሪጌታው ሞቱ። ከዚያ ሸምሱ መጀመሪያ የደንበኛ ልኬት ረሱ፣ ቀጥሎ የልጆቻቸውን ስም፣ በመጨረሻም መስገዳቸውንና አለመስገዳቸውን። ወረራውን ግን አልረሱም። ባዶ በርጩማ ፊት ለፊታቸው አስቀምጠው ጠጠሩን ያንቀሳቅሳሉ። ወዲያ ማዶ ማንም ስለሌለ የሚበላ የለም፤ የሚበላ ስለሌለ ወረራው አያልቅም። በርጩማውን፣ «አንተም ሂድ እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ?» ይሉታል። አንድ የሐምሌ ጠዋት በዝናብ ወጥተው ዳገቱን ያዙ። በሦስተኛው ቀን ከኪዳነ ምሕረት በላይ፣ ባሕር ዛፉ ውስጥ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ ሬሳቸውን አገኘው። በጡጫቸው አንድ የሰንጠረዥ ጠጠር ጨብጠው ነበር፤ ያጠቧቸው ሰዎች ጣታቸውን አንድ በአንድ ነው የፈለቀቁት። ስልሳ ሁለት ዓመታቸው ነበር። ኢክራማ መጪው ሚያዝያ ስልሳ ሁለት ይሞላዋል።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ።

ባለቤቱ ፋዲላ ነገሩ ገብቷታል። ሐኪም ቤት እንሂድ አለችው፤ ሐኪም ቤት የሚሄደው የታመመ ነው አላት። ሁለተኛ ስትጠይቀው ተቆጣ፣ ሦስተኛ ስትጠይቀው በሩን ከፍቶ ወጣ። ለእሷ ያልነገራት ነገር ነበረው። ያ ድንጋይ መኪናውን ካቆመለት ቀን ጀምሮ ከአላህ ጋር ውል ገብቷል፦ ጣልያኑ በጭንቅላቴ እስካለ ድረስ እነዳለሁ፤ ጣልያኑ የጠፋብኝ ቀን ግን፣ ወላሂ፣ ቁልፉን አስረክባለሁ፤ የሰው ልጅ አልጭንም። በየጠዋቱ ሞተሩን ሳያስነሳ አሥራ ሁለቱን እርምጃ በልቡ ይቆጥራል። አንድም ቀን አልጎደለበትም። ሐኪም ቤት መሄድ አይቀልም ነበር ወይ ትሉኝ ይሆናል። ይቀላል እንጂ! ግን የአባቱን ሞት ነጭ ጋውን ከለበሰ ሰው አፍ መስማት የሚሻ ማነው?

ጥር ላይ የሰፈሮች የቼዝ ውድድር ሆነ፤ በየካ አንድ የወጣት ማዕከል አዳራሽ ውስጥ። ኢክራማ ሦስት ሰው በጣልያኑ ጥሎ ግማሽ ፍጻሜ ደረሰ። ዕጣው ከፌበን ጋር አገናኘው።

ፌበን ሃያ ዓመቷ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። ከአንደኛ ክፍል እስከ ስምንተኛ ያመላለሳት እሱ ነው። ቼዝ ያስተማራትም እሱ ነው፤ ሌሎቹ ልጆች ከክፍል እስኪወጡ፣ የፊት ወንበር ላይ ትንሿን ባለማግኔት ሰሌዳ ዘርግቶ። ከእሱ ቀጥሎ ጣልያኑን በቃሏ የምትወጣ ሰው እሷ ናት። ዛሬ ያንን የፊት ወንበር የሰባት ዓመት ወንድሟ ሊሊሳ ወርሶታል።

እሑድ ጠዋት ኢክራማ ብቻውን ነድቶ መጣ፤ ዲንቄ እሑድ አትሠራም። አዳራሹ ፊት ለፊት ያለው ዳገት ላይ መኪናውን አቁሞ፣ ሰዓት እንዳያልፍበት እየተጣደፈ ገባ። ዳኛው የዱሮ ጓደኛው ነው፤ ጨብጦት፣ ዛሬ በተማሪህ ልትበላ ነው ብሎ ቀለደበት። ነጩ ለኢክራማ ደረሰው። ሰዓቱ ተጀመረ።

ወታደሩ ሁለት ቤት ሄደ። ፌበን መለሰች። ፈረሱ ወጣ። መለሰች። ቢሾፑ ተከተለ፤ እሷም ቢሾፗን አወጣች። እስከዚህ ድረስ ሺህ ጊዜ የሄዱበት መንገድ ነው። ከዚያ ደመናው ከበደና ዝናብ አዳራሹ ቆርቆሮ ላይ ይንጠባጠብ ጀመር። በጥር የሚዘንብ ዝናብ ብዙ አይቆይም፤ ይህም አልቆየም። ኢክራማ ግን ድምፁን ሲሰማ አንድ ነገር ሸተተው፤ የልብስ ስፌት ዘይትና የእርጥብ ጨርቅ ሽታ። በረንዳው ላይ ነው። ገበታው ፊቱ ነው። ወዲያ ማዶ አንድ ሰው ተቀምጧል፣ እጁም አይንቀሳቀስም። ምን ይጠብቃል? ኢክራማ አንድ ወታደር ገፋ። ሌላ ደገመ። ፈረሱን አነሳ፣ አስቀመጠ፣ የዳር ወታደሩን ገፋ። እጁ ፈጣን ነበር፣ ደስም ብሎት ነበር፤ በሕይወቱ እንዲህ ያለ ነፃነት ተሰምቶት አያውቅም። እንደገና ሌላ ጠጠር ሲያነሳ አንድ ሰው ክንዱን ያዘው።

ዳኛው ነው። አዳራሹ ጸጥ ብሏል። የፌበን ዓይን ፈጧል፤ እጇ ጭኗ ላይ እንዳለ ነው። ሰሌዳው ላይ ነጩ በተከታታይ አራት ጊዜ ሄዷል፣ ጥቁሩ ካለበት አልተነቃነቀም።

ከወደ ኋላ አንዱ፣ «ጋሽ ኢክራማ ወረራ ጀመሩ!» ሲል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሽማግሌዎቹ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ፤ አቶ በተራ በስንት ዘመኑ ቀለደ ተባለ። ዳኛውም እየሳቀ ጠጠሮቹን ወደ ቦታቸው መለሰ፣ ለፌበን ሁለት ደቂቃ ጨመረላት፣ ሁለተኛ ከተደገመ ጨዋታው የእሷ እንደሚሆን አስጠነቀቀ። ኢክራማም ፈገግ አለ። ሌላ ምን ያድርግ?

ተራው አሁንም የእሱ ነበር። አራተኛዋን እርምጃ ፈለጋት። የለችም። አምስተኛዋን ፈለገ፣ ከኋላ ጀምሮ ቆጠረ፣ ከአሥራ ሁለተኛዋ ተነስቶ ወደ ኋላ መጣ፤ ምንም የለም። ጣልያኑ ከጭንቅላቱ ወጥቶ ሄዷል።  እጁ ሰሌዳው ላይ ተንጠልጥሎ ብዙ ቆየ፤ በመጨረሻ ዓይኑ ያረፈበትን ወታደር አንድ ቤት ገፋው።

ጨዋታውን ግን አሸነፈ። ጉድ እኮ ነው! ፌበን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ከሰሌዳው ይልቅ የእሱን ፊት ነበር የምታየው። ሃያኛው እርምጃ አካባቢ ንግሥቷን እንደ ጀማሪ አስበላች፣ ትንሽ ቆይታም እጇን ሰጠች። አዳራሹ ጨበጨበ። ሰዉ ትከሻውን እየመታ፣ ይህ ጭንቅላት አያረጅም፣ ክፉ አይንካው አለው። ኢክራማ ወደ በሩ ሲሄድ ከአላህ ጋር ይከራከር ነበር። ያሸነፈ ሰው እንዴት ጠፋብህ ይባላል? አራተኛዋ ብቻ ናት የጠፋችው፤ ሳቁ አደናግሮኝ ነው፤ ደግሞ ውሉ ስለ ጠዋት እንጂ ስለ ውድድር አልነበረም። ሰው ሲጨንቀው ከፈጣሪው ጋር እንኳ ጠበቃ ይሆናል።

ፌበን ደጅ ላይ ጠበቀችው። ለሰው በማይሰማ ድምፅ፣ «ጋሼ፣ ምን እንዳሉኝ ያስታውሳሉ?» አለችው።

ምንም አላልኩሽም አላት።

«‹አባ፣ አንተም ሂድ እንጂ› አሉኝ። እኔን።»

ኢክራማ ድምፅ ማውጣቱን አያውቅም ነበር። ቀልዴን ነው አላት። ፌበን ልታምነው ብዙ ፈለገች፤ ፊቷ ላይ ይታይ ነበር። ከዚያ ዓይኗን ወደ መሬት ሰብራ፣ ሊሊሳ ከፊት የሚቀመጠው እርስዎን ለማየት ብሎ ነው አለችው።  እሱም ያልተናገረችውን ሰምቷል።

ያኔ ነው ከታች ጩኸት የተሰማው። ሁለቱም ዞረው አዩ። የእጅ ፍሬኑ ሳይያዝ በማርሽ ብቻ የቆየው ሚኒባስ ካቆመበት ቦታ የለም። ወደ ኋላ ቁልቁል ተንደርድሮ፣ ከአንድ ግቢ የድንጋይ አጥር ጋር ተላትሞ ቆሟል። ከአጥሩ ሥር ድንች ስትሸጥ የነበረች አንዲት ሴት ዝናቡን ሽሽት መንገድ ተሻግራ ገና አልተመለሰችም ነበር፤ ማዶ ቆማ እጇን አፏ ላይ ጭናለች። ትቀመጥበት የነበረው በርጩማ ግን ከጎማው ሥር ስብርብሩ ወጥቷል፤ ድንቹ ቁልቁለቱን ይንከባለላል።

ኢክራማ ወደ መኪናው አልሄደም። ቆሞበት ወደነበረው ቦታ ሄዶ ጎንበስ ብሎ መሬቱን ይፈልግ ጀመር። ፌበን ምን እንደሚፈልግ ጠየቀችው። ድንጋዩን አላት። ታኮውን። ድንጋይ የለም። ተንሸራቶ የፈለሰ ድንጋይ ምልክት እንኳ የለም።

ስልኩን አውጥቶ ዲንቄ ጋ ደወለ። ሰላምታ አልሰጣትም። ከጎማው ሥር ድንጋይ የሚያደርገው ማነው ብቻ አላት። 

«እኔ ነኝ፣ ጋሽ ኢክራማ» አለች ዲንቄ። «ከመስቀል ወዲህ እኔ ነኝ። እርስዎ ማድረግ ትተዋል። ብናገር እንጀራችን ነው ብዬ ዝም አልኩ፤ ይቅር ይበሉኝ።»

ስልኩን ዘጋ። እጄ አልረሳም ብሎ የተጽናናበትን እጁን አየው። ቁልፉን ከኪሱ አወጣና የፌበንን መዳፍ ዘርግቶ አስቀመጠላት፤ ጣቶቿንም አንድ በአንድ አጠፈላት።

«አሁኑኑ ያዥልኝ» አላት፣ «ሳልረሳው። ነገ ጠዋት መጥቼ ብለምንሽም፣ ብቆጣሽም እንዳትሰጪኝ። በሊሊሳ ማይልኝ።»

ፌበን ማለች። አለቀሰችም። ዳኛው ጓደኛው መለዋወጫውን ቁልፍ ከፋዲላ አስመጥቶ መኪናውን ቤቱ ድረስ ነዳለት፤ መለዋወጫውንም ይዞት ሄደ። ከተሰበረ የኋላ መብራትና ከታጠፈ ቆርቆሮ በቀር የደረሰበት የለም። ያን ቀን ኢክራማ ለፋዲላ ሁሉን ነገራት፤ ስለ ውሉም፣ ከአፉ ስለወጣው የአባቱ ቃልም። ከሁለት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥሩ እንቅልፍ ተኛ።

ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ተነሳ። ሰገደ፣ ኮፍያውን አደረገ፣ ቁልፉን ከመስቀያው ላይ ፈለገው፤ የለም። ግቢ ወጥቶ መኪናውን ሲያይ የኋላ መብራቱ ተሰብሯል። ማነው የገጨብኝ ብሎ ደሙ ፈላ። ቢሆንም ልማዱን አልተወም፤ በሩ አጠገብ ቆሞ ጣልያኑን ቆጠረ። ወታደር፣ ፈረስ፣ ቢሾፕ። አራተኛዋ ከተፍ አለች፣ አምስተኛዋም። አሥራ ሁለቱም አንድ ሳትጎድል ወጡ። አልሐምዱሊላህ አለ። ፋዲላ ከኋላው ቆማ ታየው ነበር። ቁልፉ የታለ ሲላት፣ ፌበን ጋ ነው አለችው፤ ድምፅዋ እንግዳ ሆነበት። ፌበን ጋ ምን ይሠራል? ልጆቹ እየጠበቁ ነው። ተቆጥቶ ወጣና ዳገቱን በእግሩ ተያያዘው።

ፌበን በሩን ከፈተች። ከኋላዋ ሊሊሳ ቦርሳውን አንግቶ ቆሟል። ኢክራማ በትሕትና፣ ቁልፌን አንቺ ዘንድ ጥዬው ኖሯል፣ ቶሎ በይ ረፍዷል አላት። ልጅቷ ከንፈሯን ነከሰች። እጇን የሹራቧ ኪስ ውስጥ ከተተች፣ አላወጣችውም።

«አልሰጥዎትም፣ ጋሼ። እንዳልሰጥዎ አስምለውኛል።»

«ማነው ያስማለሽ?»

«እርስዎ ነዎት። ትናንት።»

ኢክራማ ትናንትን ፈለገው። ዝናብ አለ፣ ሳቅ አለ፣ አንድ ድንች ቁልቁል ይንከባለላል። ሌላው ባዶ ነው። ልጅቷን አያት። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ያውቃታል፤ ዋሽታው አታውቅም። ሊሊሳን አየው። አሥራ ሁለቱ እርምጃዎች በጭንቅላቱ ውስጥ አንድ ሳይጎድሉ ተሰልፈዋል፤ ምንም እንደማይጠቅሙት ያኔ ገባው።

«እኔ ካልኩሽ እንግዲያው ያዥው» አለ። «ነገም ብመጣ እንዳትሰጪኝ።»

ኮፍያውን አስተካክሎ ከደጁ ወጣ። ከአጥሩ ማዶ መንገዱ ሁለት ይሆናል፤ አንደኛው ወደ ሰፈር ይወርዳል፣ ሌላው ወደ ኪዳነ ምሕረትና ወደ ባሕር ዛፉ ይወጣል። ኢክራማ መገንጠያው ላይ ደርሶ ቆመ። አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ። ፌበን ከበሩ ላይ ሆና ታየው ነበር።

«በታች በኩል ነው፣ ጋሼ» አለችው በዝግታ።

በታች በኩል ሄደ።